አንድ ፓርቲ፣ ሁለት ዕጩ፦ ምርጫ ነበር ወይስ አልነበረም?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ሲበዛ አዲስ የሚገባ ሰው መከታተል አቃተው። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው ወሰንኩ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

የመክፈቻ ጽሑፍ

አንድ ፓርቲ ብቻ ባለበት አገር የሚደረግ የፓርላማ ምርጫ ከንቱ ነው ብለን ሁላችንም እንደ ተራ እውነት ይዘነዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። የታንዛኒያን የ1965 ምርጫ ካነበብኩ በኋላ ግን ተጠራጠርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና መሬት) ነፃ ከመውጣቷ ቀደም ብሎ፣ በ1960፣ የጁሊየስ ኔሬሬ ፓርቲ ታኑ ከ71 መቀመጫ 70ውን አሸነፈ። ከነዚህ ውስጥ በ58ቱ ተወዳዳሪ ራሱ አልቀረበም። ፓርቲው ከመወደዱ የተነሳ ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት አጋጣሚ አጣ። ኔሬሬም ተከራከሩ። ሌላ ፓርቲ ቢኖርም ስለማያሸንፍ ሕዝቡ ሰው አይመርጥም፤ ታኑ ያቀረበለትን መቀበል ብቻ ነው ዕጣው አሉ። እንግዲያው አንድ ፓርቲ ብቻ ይኑር፣ ግን በየወረዳው ሁለት ሰው ያቅርብና ሕዝቡ ይለይ። በ1965 ይህ ሕግ ሆነ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሕዝቡ ወጣ። ማንበብ ለማይችለው ሲባል አንዱ ዕጩ የመኮትኮቻ፣ ሌላው የቤት ምልክት ተሰጠው። ድምፁ በምስጢር ነበር። ውጤቱ ሲነገር የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ቦማኒ ወድቀዋል። ሌላም ሚኒስትር ወደቀ፤ ምክትል ሚኒስትሮችም ወደቁ። ስንት ፓርቲ ያለበት አገር ሆኖ የገንዘብ ሚኒስትር በድምፅ ወድቆ የማያውቅበት ሞልቷል። ታዲያ ይሄ ምርጫ አይባልም ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ዳሬሰላም የተማረ ሰው ነው። በጣም በአክብሮት ነው የጻፈው። ከእኔ ጋር ይስማማል፣ እኔ የዘለልኩትንም ሞላልኝ። ዕጩዎቹ በየራሳቸው ቅስቀሳ ማድረግ አይችሉም ነበር። ስብሰባውን የሚጠራው የፓርቲው የወረዳ ኮሚቴ ነው። ሁለቱም በአንድ መድረክ ቆመው በየተራ ይናገራሉ። ንግግሩ በስዋሂሊ ብቻ ነው፤ በጎሳ ቋንቋ መናገር ክልክል። ዘር፣ ሃይማኖትና ቀለም ማንሳትም ክልክል። ኔሬሬ እኔን ይደግፉኛል ማለትም አይቻልም። ሀብታሙ ዕጩ በገንዘቡ ሊበልጥ አይችልም ነበር። ነጩ ሚኒስትር ዴሪክ ብራይሰንና የእስያ ዝርያ ያላቸው አሚር ጀማል በአፍሪካውያን ድምፅ የተመረጡት በዚህ ደንብ ነው ይላል። ይሄኛው ነጥብ እስካሁን ልቤን ይነካኛል። በብሔር ስም ቅስቀሳ ለሰለቸው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 2

አጭር እርማት። ከ107ቱ የምርጫ ወረዳዎች በ6ቱ ተወዳዳሪ አልነበረም። በየወረዳው ሁለት ዕጩ ብዬ በጅምላ መናገሬ ስህተት ነው። ተቀብያለሁ።

መልስ 3፣ 4 እና 5

እዚህ ላይ ወሬው ጠመመ። አንዱ፣ ያ የዕጩ ምልክት በስዋሂሊ ጄምቤ ይባላል፤ ትርጉሙም መኮትኮቻ ሳይሆን ዶማ ነው አለ። ሌላው ዶማ ለድንጋያማ መሬት ነው፣ ጄምቤ ግን ሰፊ ምላስ ያለው የእጅ መቆፈሪያ ነው ብሎ መለሰ። ሦስተኛዋ ቁም ነገር ጨመረችበት። ገበሬ በሆነ አገር መኮትኮቻ የያዘ ዕጩ አይቀድምም ወይ ብላ ጠየቀች። መኮትኮቻ የደረሰው ያለ መሣሪያ እህል የለም ይላል፤ ቤት የደረሰው ደግሞ ማታ የት ልትገቡ ነው ይላል። ምልክቱ ራሱ መከራከሪያ ሆነ ማለት ነው። ፓርቲው አንድ ስለሆነ በፖሊሲ መለያየት አልቻሉማ! የቀረላቸው ማንነታቸውና ምልክታቸው ነበር። ይህን የጻፈችው እሷ ናት፣ በኋላ ሁላችንም ደጋግመን ወደዚህ ሐሳብ ተመልሰናል።

መልስ 6

ይህ ሰው ዛንዚባርን አስታወሰን። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ደሴቲቱ ለረጅም ዓመታት ምርጫ የሚባል አላየችም። ወደ ኅብረቱ ፓርላማ የሚሄዱት ሰዎቿም ተሹመው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የታንዛኒያ ምርጫ ሲባል የዋናው መሬት ምርጫ ማለት ነው። ልክ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ማለት ነበረብኝ።

መልስ 7

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው ቆጣ ብሏል። ቦማኒ ወደቁ ብለህ ታሪኩን ለምን ታቆማለህ አለኝ። ፕሬዚዳንቱ ኔሬሬ ሰውን በሹመት የፓርላማ አባል የማድረግ ሥልጣን ነበራቸው። ቦማኒን በዚያ መንገድ አስገቧቸውና መልሰው ሚኒስትር አደረጓቸው። የሱኩማ (ቦማኒ የተወዳደሩበት አካባቢ ሕዝብ) ገበሬ በበር ያስወጣው ሰው በመስኮት ገባ። ሁለተኛ ነጥቡ ማን ዕጩ ይሆናል የሚለው ነው። የወረዳው የፓርቲ ጉባኤ ያበጥራል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት የሚወስነው ግን የፓርቲው ብሔራዊ ሥራ አስፈጻሚ ነው። የማይፈለግ ሰው ሕዝብ ፊት አይደርስም። ሦስተኛው፦ በ1968 ፓርቲው አንዳንድ የፓርላማ አባላትን ሲያባርር የመረጣቸውን ሕዝብ የጠየቀ የለም። ከፓርቲ ሲወጡ ወንበሩም አብሮ ሄደ። መጨረሻ ላይ የዋህ ብሎኛል።

መልስ 8

ይህ የእኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን ሦስቱም ነጥቦች ትክክል ናቸው። የቦማኒን መመለስ ሳላነሳ ስለ መውደቃቸው መጻፌ ጉድለት ነው ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። አንድ ነገር ብቻ አልለቅም አልኩ። ያ ገበሬ ያን ቀን ሚኒስትሩን አልፈልግህም ማለት ችሏል። ማንም አላወቀበትም፣ ማንም አልቀጣውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መልስ 9

ይህች እህት በመሃል ገባችና ወደ ኬንያ ወሰደችን። ኬንያ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር የሆነችው በ1982 ነው። በተግባር ግን የተቃዋሚው ኦጊንጋ ኦዲንጋ ፓርቲ በ1969 ከታገደ ጀምሮ ገዥው ፓርቲ ካኑ ብቻውን ነበር። የካኑ የውስጥ ማጣሪያ ራሱ ምርጫው ሆነ። በ1974 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ንጆሮጌ ሙንጋይ ዳጎሬቲ ላይ ወደቁ። ሰውየው የፕሬዚዳንቱ የጆሞ ኬንያታ ዘመድና የግል ሐኪም ነበሩ። ሕዝቡ ጌታውን መንካት ባይችል አጠገቡ ያለውን ቀጣ። መንግሥትን የሚተቹት የፓርላማ አባል ጄ. ኤም. ካሪዩኪም በዚያው ዓመት ስብሰባ እየተከለከሉ ተመረጡ። በማርች 1975 ግን ተገድለው ተገኙ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የፓርላማ አባሉ ማርቲን ሺኩኩ ፓርላማ ውስጥ ካኑ ሞቷል የሚል ነገር ተናገሩ። ማስረጃ አምጣ ሲባሉ ምክትል አፈ ጉባኤው ዣን ማሪ ሴሮኒ፣ ግልጽ ለሆነ ነገር ማስረጃ አያስፈልግም አሉ። ሁለቱም ከዚያው ከፓርላማው ግቢ ተይዘው ታሰሩ።

መልእክቷ ግልጽ ነው። ሰዎቹን የመረጠው ሕዝብ እውነተኛ ነበር። የተመረጡት ሰዎች አፍ ሲከፍቱ ግን የመረጣቸው ሕዝብ ሊያድናቸው አልቻለም።

መልስ 10

ከመልሶቹ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። የጻፈው ሰው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ናይሮቢ በስደት ኖሯል። በ1988 ካኑ ማጣሪያውን በሰልፍ አደረገው። ምሎሎንጎ ይሉታል፣ ሰልፍ ማለት ነው። ወረቀት የለም፣ ሳጥን የለም። መራጩ ከሚደግፈው ዕጩ ወይም ከወኪሉ ኋላ ይቆማል፣ ከዚያ ይቆጠራል።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ተሰለፈ። የቆመበት ሰልፍ ረጅም ነው፣ የወዲያኛው አጭር። ሰዉ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። ባለሥልጣኑ መጥቶ ቁጥር ሲያነብ አጭሩ ሰልፍ አሸነፈ። ሰፊው ማታ እነሱ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አባትየው ሻይ ቢሰጡት አልጠጣም። ሽንፈቱ አይደለም ያመመው። የቤቱ አከራይ ከዚያኛው ሰልፍ ቆሞ ሲያየው ነበር። በሚቀጥለው ወር ኪራይ ተጨመረበት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ መክፈቻዬ የማስበው ተለወጠ። የ1965ቱን ታንዛኒያና የ1988ቷን ኬንያ የሚለያያቸው የፓርቲ ብዛት አይደለም። ሁለቱም አንድ ፓርቲ ነው ያላቸው። ልዩነቱ መጋረጃው ነው። ሚኒስትሩን ያስወደቀው ገበሬ ብቻውን ስለነበረ ነው ያደረገው። አከራዩ፣ የቀበሌ ሹሙ፣ የፓርቲው ሰው እያዩት ቢሆን ኖሮ ከሚኒስትሩ ኋላ ይሰለፍ ነበር። ሰልፍ ደግሞ ሌላም ጉድ አለው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ምንም አይቀርም። ወረቀት ቢሆን እንደገና ይቆጠራል። የተበተነን ሰልፍ ማን መልሶ ይቆጥራል?

መልስ 11

የሕግ ሰው ይመስላል። የሰልፉን ደንብ አብራራልን። መሰለፍ የሚችለው የካኑ አባል ብቻ ነው። በሰልፉ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ዕጩ ደግሞ ወደ ምስጢር ድምፁ ሳይሄድ በቀጥታ አልፏል። ስለዚህ በብዙ ወረዳ በማርች የተደረገው ዋናው ምርጫ ገና ሳይጀመር አልቆ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት አጥብቀው ተቃወሙ። ጳጳሱ አሌክሳንደር ሙጌና ጳጳሱ ሄንሪ ኦኩሉ በስም ይጠቀሳሉ። ካኑ ራሱ በዲሴምበር 1990 ሰልፉን ተወ። ከዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1991፣ ሌሎች ፓርቲዎችን የሚከለክለው አንቀጽ ተሰረዘ። ሰልፉ ካኑን አጠናክሮት ሳይሆን አዳክሞት ሄደ የሚለው አባባሉ ትክክል ይመስለኛል። ድሮ የተሸነፈ ዕጩ አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር። ከ1988 በኋላ የተሸነፈው ሁሉ ተዘረፍኩ ብሎ ወጣ።

መልስ 12 እና 13

ወደ ቤታችን መምጣታችን አልቀረም። መላሿ የ1979 ዓ.ም.ን የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ አነሳች። 835 መቀመጫ፣ አንድ ፓርቲ፣ ኢሠፓ። እናቷ ጠዋት በሌሊት ተነስተው ሄዱ። የሄዱት ማንን ልምረጥ ብለው አይደለም። ስሜ ሳይጻፍ ቀርቶ የኅብረት ሱቅ ካርዴን ቢይዙብኝስ ብለው ነው። ስኳሩም ዘይቱም በዚያ ካርድ ነበር። ካርዱን ሊይዙባቸው ያሰበ ሰው መኖሩን እስከ ዛሬ አታውቅም። ፍርሃቱ ግን በቂ ነበር።

ቀጥሎ የጻፉት ትልቅ አባት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ብለን ነው የመለስንላቸው። በዚያ ዓመት መምህር ነበሩ። ዕጩዎቹ ከአንድ በላይ መሆናቸውን ያስታውሳሉ። ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ንግግር ነበር የሚያደርጉት አሉ። ከዚያ ሸንጎው በዓመት አንዴ ይሰበሰባል፣ ያጨበጭባል። ታንዛኒያ ቢያንስ አንድ ሚኒስትር ተገርስሶላታል፣ እኛስ? ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልተገኘም።

መልስ 14፣ 15 እና 16

እዚህ ላይ ጠብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንዱ ወጣት አባባ ላይ አይደለም ግን በክሩ ላይ ተናደደ። ስለ ደርግ ምን ያስወራናል፣ በ2010 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን፣ በ2015 ደግሞ 547ቱንም ወስደው የለም ወይ አለ። ፓርቲዎቹ በወረቀት ብዙ ነበሩ፣ ፓርላማው ግን አንድ ነበር። መላሹ ደግሞ ቶሎ ተነሳበት። ሕግ ሌላ ፓርቲን መከልከሉና አለመከልከሉ አንድ አይደለም፣ አትቀላቅል አለው። ሦስተኛው ስድብ ጨመረ። ያን አውርጄዋለሁ፤ ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ኃላፊነቱም የእኔ ነው።

ለወጣቱ ግን መልስ ይገባዋል። ሕጉ መለያየቱ እውነት ነው። መራጩ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ የሚሰማው ስሜት ግን ሊመሳሰል ይችላል። ሁለቱም አንድ ላይ ይቆማሉ። መሰዳደብ አያስፈልግም ነበር።

መልስ 17

በአራት መስመር ኤርትራን አነሳ። አንድ ሕጋዊ ፓርቲ አለ፣ ከ1993 ነፃነት ወዲህ ብሔራዊ ምርጫ የለም። በ1997 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሥራ ላይ አልዋለም። እናንተ ስለ መኮትኮቻና ስለ ቤት ትከራከራላችሁ፣ ምልክት መምረጥ ራሱ የሚናፍቀው ሰው አለ ብሎ ወጣ። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም።

መልስ 18

ወደ ታንዛኒያ የመለሰን ይህ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ከባዱ ትችት። ሕዝቡ ሰው ማውረድ ቻለ፣ እሺ። መንገድ ማስቀየር ግን ቻለ ወይ ይላል። በ1973 ገበሬው ሁሉ እስከ 1976 ድረስ በመንደር ተሰባስቦ እንዲኖር ተወሰነ። ሚሊዮኖች ተነሱ፤ ብዙዎቹ በግድ፣ ቤታቸው እየፈረሰ። በ1975 ምርጫ ነበር። መኮትኮቻ የያዘውም ቤት የያዘውም ዕጩ መንደር መሰባሰቡን እቃወማለሁ ማለት አይችልም ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ገበሬ የቤት ምልክት ላይ ድምፅ ሰጠ ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ለትንሽ ጊዜ ስልኬን አስቀመጥኩት።

መልስ 19

ይህ ሰው የማላውቀውን አሳወቀኝ። በ1991 በዳኛ ፍራንሲስ ኒያላሊ የሚመራ ኮሚሽን አገሩን ዞሮ ሕዝቡን ጠየቀ። 77 በመቶ ገደማ የሚሆነው አንድ ፓርቲ ይቀጥል አለ። ኮሚሽኑ ግን ብዙ ፓርቲ ይፈቀድ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፣ በ1992ም ተፈቀደ። ምክንያቱ ደግሞ ይቀጥል ካሉት ራሳቸው ብዙዎቹ ሥርዓቱ መታረም አለበት ማለታቸው ነው። ቀሪው አናሳም ቀላል ቁጥር አልነበረም። ድምፃቸው ሲቆጠር እየኖረ በአንድ ፓርቲ የረካ ሕዝብ መኖሩን ይህ ያሳያል ይላል። መልስ 18 ላይ ያለው ሰው አይስማማም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አደገኛ ነው ሲባል የኖረ ሰው ምን ይበል ኖሯል አለ። ሁለቱም በጨዋነት ነው የተከራከሩት፣ ስምምነት ግን የለም።

መልስ 20 እና 21

ሁለት አጫጭር ማስታወሻዎች ናቸው። ማላዊ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ባንዳ በ1978 ውድድር ሲፈቅዱ ዕጩ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ነበረበት። ገበሬ ገበሬን እንዳይወክል ማለት ነው። ታንዛኒያ በስዋሂሊ ብቻ ስትል በሯን ከፍታ ነበር፣ ማላዊ በእንግሊዝኛ ብቻ ስትል ዘጋችው። ሌላኛው ኮትዲቯርን ጠቀሰ። በ1980 ፕሬዚዳንቱ ሁፉዌት ቧኚ ውድድሩን ሲለቁት ለ147 መቀመጫ ከ600 በላይ ሰው ቀረበ። በአንድ ፓርቲ ውስጥ ይህን ያህል የታፈነ ፍላጎት ነበር።

መልስ 22

መልስ 7 ላይ የተቆጣኝ ሰው ተመለሰ። የዋህ ማለቴ አግባብ አልነበረም አለ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም፤ እንዲቀይርም አልፈልግም። አንድ ነገር ተቀበለኝ፦ የሱኩማ ገበሬዎች ድምፅ ባይከበርም ተቆጥሯል። ድምፃቸው በእውነት ስለተቆጠረ ነው ኔሬሬ ሰውየውን በሹመት ማስገባት የተገደዱት። በ1988ቷ ኬንያ ቢሆን ኖሮ አጭሩ ሰልፍ ይበቃው ነበር። እኔም አንድ ነገር ተቀበልኩት። ሰው ማውረድ ችሎ መንገድ መቀየር ያልቻለ መራጭ ግማሽ መራጭ ነው።

መልስ 23

የናይሮቢው ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር ብሎ ተመለሰ። በዲሴምበር 1992 ኬንያ በብዙ ፓርቲ ስትመርጥ እነሱ ገና እዚያው ነበሩ። ልብስ ሰፊውም እዚያው ነበር። ጠዋት ሄዶ ረጅም ሰዓት ቆሞ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አባትየው ማንን መረጥክ ብለው ጠየቁት። ሳቀና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሚስቱም ጠየቀችው። አልነገራትም።